የልጆች መደርደሪያ፤ አሞላሉና አጠባበቁ በታሪክ

አንድ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲያቆም በመጀመሪያ የሚታየው ሕንፃው ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው በመደርደሪያው ላይ የተሰለፉት መጻሕፍት ብዛት ነው። የምረቃው በዓል ከተፈጸመና እንግዶቹ ከተሰናበቱ በኋላ ግን ማንም የማያጨበጭብለት ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ይኸውም መጽሐፉን መምረጥ፣ የተቀደደውን መጠገን፣ ጊዜው ያለፈበትን ማንሣት፣ የጎደለውን መተካት ነው። ይህ ሥራ ለትልልቆች በተመደበው ክፍል ቢጓደል አንባቢው ቅር ይሰኛል እንጂ ሌላ መንገድ አያጣም፤ ከመጻሕፍት መደብር ይገዛል፤ ከወዳጁም ይዋሳል። በልጆቹ ክፍል ቢጓደል ግን ልጁ ቅሬታውን ለማንም አይናገርም። አንድ ቀን ይመጣል፤ የሚስማማውን ያጣል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የተነሣነው ይህንኑ ድምፅ የሌለውን ሥራ ነው። ታሪኩን በይበልጥ የምንከታተለው በአሜሪካን አገር ነው፤ ለልጆች የተለየ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ቀደም ብሎ በሰፊው ከተደራጀባቸው አገሮች አንዱ እርሱ ነውና። ከዚያም ወደ አገራችን ተመልሰን ነገሩ እኛን እንዴት እንደሚነካ እንመረምራለን። አንባብያን እንዳይደናገሩ አስቀድመን የምንገልጸው፣ «ዓ.ም.» ያልንበት ዘመን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቀረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቂት ገንዘብ ነው። ዶክተር ኤቤኔዘር ለርንድ የተባሉ ሰው በማሳቹሴትስ ግዛት ለምትገኘው፣ ያን ጊዜ ዌስት ካምብሪጅ ዛሬ አርሊንግተን ለተባለችው ከተማ፣ ለወጣቶች የሚሆን መጻሕፍት መግዣ 100 ዶላር በኑዛዜ ተዉላት። በዚህ ገንዘብ በ1835 የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተመሠረተ። ሕንፃ አልነበረውም፤ ጠባቂ እንዲሆን የተመረጠው አንድ ቆብ ሠሪ መጻሕፍቱን በእጅ ጋሪ እየገፋ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1837 የከተማይቱ ሸንጎ ከሕዝቡ ገንዘብ 30 ዶላር ለዚሁ ቤተ መጻሕፍት ፈቀደ። እኛ እንደምናየው ከመቶው ዶላር ይልቅ ታላቁ ነገር ይህ ሠላሳ ዶላር ነው። መቶው የአንድ ደግ ሰው ስጦታ ነበር፤ ሠላሳው ግን ሕዝቡ «ይህ ሥራ የእኛ ነው» ብሎ ያረጋገጠበት ነው። ስጦታ ሥራን ያስጀምራል፤ የሚያዘልቀው ግን የተቆረጠ በጀት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ምሳሌ ወዲያው አልተስፋፋም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በየከተማው የተከፈቱት ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «ሕዝብ» ሲሉ ትልልቆቹን ብቻ ማለታቸው ነበር። 12 ወይም 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ነበራቸው። ምክንያታቸውም ልጅ ይጮኻል፣ መጽሐፍ ይቀድዳል፣ እጁም ንጹሕ አይደለም የሚል ነበር። ይህን ልማድ ቀድመው ከሰበሩት መካከል በሮድ አይላንድ ግዛት የፖተኬት ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ወይዘሮ ሚኔርቫ ሳንደርስ ይገኛሉ። እሳቸው በ1877 ገደማ በሩን ለልጆች ከፍተው፣ ለቁመታቸው የሚስማማ ዝቅተኛ ጠረጴዛና ወንበር አዘጋጁላቸው። በ1890 ደግሞ በማሳቹሴትስ የብሩክላይን ቤተ መጻሕፍት ከሕንፃው ምድር ቤት አንዱን ክፍል ለልጆች ማንበቢያ ለየ። በሩ እንዲህ ቀስ በቀስ ሲከፈት፣ ከበሩ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ተከተለ፤ ልጁ ገብቶ ምን ያንብብ?

ይህን ጥያቄ በጉልህ ያነሡት ወይዘሪት ካሮላይን ሂዊንስ ናቸው። እሳቸው በ1875 በኮኔቲከት ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሃርትፎርድ ከተማ መጥተው በአንድ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ያዙ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ልጆች በብዛት የሚያነቡት እየተከታተለ በየጊዜው የሚታተም ርካሽ ልብ ወለድ ነበር፤ ድኻው ልጅ በድንገት ባለጸጋ የሚሆንበት፣ ጀብደኛው በየገጹ ከሞት የሚያመልጥበት፣ አንዱን ያነበበ ሌላውን ሁሉ እንዳነበበ የሚቈጠርበት ታሪክ ነው። ወይዘሪት ሂዊንስ ይህን በማየታቸው ብቻ አላዘኑም፤ በ1882 ለ25 ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ ጽፈው፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መልካም ንባብን እንዲወዱ ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸውንም መልስ ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር አቀረቡ። በዚያው ዓመት ለልጆች የሚሆኑትን መጻሕፍት እየመረጡ በዝርዝር አሳተሙ።

ይህ ዝርዝር በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም በአሳቡ ታላቅ ነበር። ከዚያ በፊት ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ ሲባል ወይ ከትልልቆች የተረፈው፣ ወይ ነጋዴው ያመጣው፣ ወይም ምክር ብቻ የሞላበት ነበር። ወይዘሪት ሂዊንስ ግን ለልጅ መጽሐፍ መምረጥ ዕውቀት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን አሳዩ። መራጩ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ መጨረስ አለበት፤ ልጁንም ማወቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ወይ ማንም የማይነካው ድንቅ መጽሐፍ ይሰበስባል፤ ወይም ሁሉ የሚሻማበት ፍሬ ቢስ ነገር ይገዛል።

ከእሳቸው በኋላ ሥራውን በታላቅ ከተማ ደረጃ ያቋቋሙት ወይዘሪት አን ካሮል ሙር ናቸው። በ1896 በብሩክሊን በፕራት ኢንስቲትዩት ነፃ ቤተ መጻሕፍት የልጆቹን ክፍል ያዙ፤ በ1906 ደግሞ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ሥራ ኀላፊ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ከልዩ ልዩ አገር የተሰደዱ ሰዎች የሚጎርፉባት ከተማ ነበረች። ልጆቻቸው በየሠፈሩ ወዳለው ቅርንጫፍ ሲመጡ ወይዘሪት ሙር በጥርጣሬ እንዳይቀበሏቸው ሠራተኞቻቸውን አስተማሩ። ጸጥታን የሚያዝዙትን ሰሌዳዎች አስነሡ፤ ተረት የሚነገርበት ሰዓት አቋቋሙ፤ በስደተኞቹ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍትም እንዲገዙ አደረጉ። መጽሐፍ መዋስ የሚፈልግ ልጅ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፍና መጽሐፉን በደንብ ሊይዝ ቃል ይገባ ነበር። ልጅ መጽሐፍ ይቀድዳል ተብሎ ለተነሣው ክስ የሰጡት መልስ ይህ ነው፤ ልጁን ከመጽሐፉ ማራቅ ሳይሆን የመጽሐፉ ጠባቂ ማድረግ። በ1911 በአምስተኛው ጎዳና ላይ የተመረቀው ዋናው ሕንፃ የልጆች ክፍል ነበረው። በ1913 ከቅርንጫፎቹ ከተዋሱት መጻሕፍት ሁሉ አንድ ሦስተኛው የልጆች መጻሕፍት ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ልጆች የሚወዱት መጽሐፍ ቶሎ ያልቃል። ሽፋኑ ይላቀቃል፤ ስፌቱ ይበጠሳል፤ ሥዕል ያለበት ገጽ ይጠፋል፤ አንዳንዱም ተወስዶ ሳይመለስ ይቀራል። ማንም የማይወደው መጽሐፍ ግን እንደ ተገዛ ሆኖ ንጹሕ ሽፋኑን ለብሶ ለዘላለም ይቀመጣል። ስለዚህ የሚከታተለው ሰው ከሌለ ደጉ መጽሐፍ በየዓመቱ እየጎደለ፣ የማይፈለገው ብቻ እየቀረ ይሄዳል። በመጨረሻ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ሳለ ለልጁ ባዶ ይሆናል። ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን በሥርዓት የተሰለፉትን ንጹሕ መጻሕፍት አይቶ «እንዴት ያለ አያያዝ ነው!» ብሎ ያመሰግን ይሆናል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን «እነዚህ ለምን አልቆሸሹም?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህም የተነሣ የልጆች ክፍል ሥርዓት ከትልልቆቹ ክፍል ይለያል። በብዛት ከሚጠየቀው መጽሐፍ አንድ ቅጂ አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት መግዛት ያሻል። ጥራዙ ገና ከመጀመሪያው ጠንካራ መሆን አለበት። የላላው ሳይበጠስ ወደ ጠራዥ መላክ ይኖርበታል፤ ሊጠገን የማይችለው ደግሞ በዚያው መጽሐፍ አዲስ ቅጂ ይተካል። ለአዲስ መግዣ ከሚመደበው ገንዘብ ላይ ለመጠገኛና ለመተኪያ የሚሆን ድርሻ በየዓመቱ ካልተለየ፣ ስብስቡ በቁጥር እያደገ በጥቅም ይቀንሳል።

ስለ ምርጫው ስንናገር ግን ስሕተቱንም መሸሸግ አይገባንም። ወይዘሪት ሙር በሙያቸው እጅግ የተከበሩ ስለ ነበሩ የእሳቸው አስተያየት ለአሳታሚዎች እንደ ፍርድ ይቈጠር ነበር። በ1941 በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ እንኳ ተሰሚነታቸው አልቀረም። በ1947 ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን «ደኅና እደሪ ጨረቃ» የሚል ትርጉም ያለውን የሕፃናት መጽሐፍ ስታሳትም፣ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አልወደደውም፤ አልገዛውምም። መጽሐፉ በየቤቱ ለሕፃናት በመኝታ ጊዜ የሚነበብ ተወዳጅ ከሆነም በኋላ እስከ 1972 ድረስ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አልደረሰም። እንግዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ልማደኛ አስተያየት በመጽሐፉና በልጆቹ መካከል እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ምርጫ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ምርጫ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን፣ መመዘኛውም ተጽፎ እንዲቀመጥ፣ የተፈረደውም በየጊዜው እንደ ገና እንዲታይ ያስፈልጋል የሚለውን ነው።

ከዚህም የባሰ ስሕተት ነበረ፤ እርሱም የአንድ መጽሐፍ መቅረት ሳይሆን የአንድ ወገን ልጆች ሁሉ መረሳት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር፣ በ135ኛው መንገድ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። በ1937 ወይዘሮ ኦገስታ ቤከር በዚያ ለልጆች ክፍል ተቀጠሩ። ወይዘሮ ቤከር በ1911 በባልቲሞር የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። መደርደሪያውን ሲመረምሩ ስለ ጥቁሮች የተጻፉት ጥቂት የልጆች መጻሕፍት ጥቁሩን ሰው ሎሌ ወይም መሣቂያ አድርገው የሚሥሉ፣ ንግግሩንም ሆን ብለው የሚያበላሹ ሆነው አገኟቸው። በየቀኑ ከዚያ ክፍል የሚገባው ልጅ ገጹን በገለጠ ቍጥር የሚያገኘው የራሱን መልክ ሳይሆን በራሱ ላይ የተሠራ ፌዝ ነበር።

ወይዘሮ ቤከር ያደረጉት ነገር በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ መመዘኛ አወጡ፤ ይኸውም የመጽሐፉ ቋንቋ፣ ሥዕሉና ስለ ሰው ያለው አስተሳሰብ ልጁን የሚያዋርድ ወይስ የሚያከብር መሆኑን መመርመር ነው። ቀጥሎ ከ1939 ጀምሮ በዚሁ መመዘኛ ያለፉትን እየለዩ በደራሲው በጄምስ ዌልደን ጆንሰን ስም መታሰቢያ የሆነ ልዩ የልጆች መጻሕፍት ስብስብ አቋቋሙ። የተገኘው ግን ጥቂት ስለ ነበረ ሦስተኛው ሥራ ተከተለ፤ ደራስያንና አሳታሚዎች የጎደለውን እንዲጽፉና እንዲያትሙ መወትወት ጀመሩ። በ1946 የስብስቡን ዝርዝር አሳተሙ፤ ዝርዝሩም ከሃርለም ውጭ ላሉ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች መሪ ሆነ። በ1961 ወይዘሮ ቤከር የመላው የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች አገልግሎት አስተባባሪ ሆነው ተሾሙ።

ይህ ሁሉ ድካም ቶሎ ፍሬ አልሰጠም። በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባሉት የንባብ ትምህርት ሊቅ ባደረጉት ጥናት፣ ከ1962 እስከ 1964 ከታተሙት ከ5,000 በላይ የልጆች መጻሕፍት መካከል በጽሑፍም ሆነ በሥዕል አንድ ጥቁር ሰው እንኳ የሚገኝባቸው ከመቶ 6.7 ብቻ እንደ ነበሩ ገለጡ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን መጀመሪያ፣ በ1962፣ ኤዝራ ጃክ ኪትስ «በረዷማው ቀን» የሚል ትርጉም ያለውን የሥዕል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ፒተር የተባለ ጥቁር ሕፃን ነው። ሌሊት የወረደውን በረዶ ጠዋት አይቶ ሊጫወትበት ይወጣል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አይሰበክበትም፤ አይታዘንለትም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ይጫወታል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 የተመሠረተበትን 125ኛ ዓመት ሲያከብር በታሪኩ ከሁሉ ይልቅ የተዋሱት መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ ቢያስቈጥር፣ ይኸው የፒተር መጽሐፍ 485,583 ጊዜ ተወስዶ የመጀመሪያውን ስፍራ ያዘ። ይህን ቍጥር ያስገኙት ግን ጥቁሮች ልጆች ብቻ ናቸው ማለት አይደለም። ለአንዱ ልጅ በክብር የተጻፈ መጽሐፍ ለልጆች ሁሉ እንደሚበቃ ያስረዳናል።

መጽሐፍ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ማስወጣትም ሥርዓት ያስፈልገዋል። ገበሬ ዘሩን ከዘራ በኋላ አረሙን ካልነቀለ አዝመራው እንደሚታነቅ፣ ቤተ መጻሕፍትም ጊዜው ያለፈበትን ካላነሣ ደጉ መጽሐፍ በከንቱው መካከል ይሰወራል። በ1976 የቴክሳስ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ለመካከለኛና ለአነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባሳተመው መምሪያ የሚነሣውን መጽሐፍ መለያ ምልክቶች በአጭሩ አስቀምጧል። እነርሱም፦ ስሕተትን የሚያስተምር፤ የቆሸሸና ከመጠገን ያለፈ፤ በአዲስ እትም ወይም በተሻለ መጽሐፍ የተተካ፤ ፍሬ የሌለው፤ ለአካባቢው አንባቢ የማይስማማ፤ የሚሉት ናቸው። ስለ ሰማይ አካላት፣ ስለ ጤና፣ ስለ አገሮች ወሰን የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ በልጅ እጅ ሲገባ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ልጁ የታተመውን ሁሉ ያምናልና። ነገር ግን ማንሣት ማለት መጣል ብቻ አይደለም። ብርቅ የሆነው፣ የአገርን ታሪክ የሚመሰክረው መጽሐፍ ከልጆቹ መደርደሪያ ተነሥቶ በመዝገብ ቤት ይጠበቃል። የሚነሣውንም አንድ ሠራተኛ በግል ስሜቱ እንዳይወስን ምክንያቱ ተጽፎ መቀመጥ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወደ ስጦታው ነገር እንመለስ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ የአሜሪካ ማኅበር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን በ1920 በብራስልስ፣ በ1924 በፓሪስ ስጦታ አደረገ። የፓሪሱ «ደስታ የተሞላበት ሰዓት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት በቡተብሪ መንገድ ተከፈተ። ይህ ስጦታ ያልከሰመበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሥራቾቹ አሜሪካውያን ቢሆኑም ሥራውን የተረከቡት ክሌር ኡሼ፣ ማርግሪት ግሩኒና ማቲልድ ለሪሽ የተባሉት ፈረንሳውያት ነበሩ፤ የፓሪስ ከተማም ቤተ መጻሕፍቱን የራሷ አደረገችው። መጻሕፍቱን ለፈረንሳይ ልጆች፣ በፈረንሳይኛ፣ የሚመርጥ የአገር ሰው ተገኘ። ሰጪው አሰጣጡን፣ ተቀባዩም አቀባበሉን ሲያውቅበት ስጦታ እንዲህ ፍሬ ያፈራል።

በአገራችን መጽሐፍን መንከባከብ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው የጻፉትን መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ጠርዘው፣ በማኅደር ከትተው፣ ከዝናብና ከአይጥ ጠብቀው ለእኛ አስተላልፈውልናል። ልጁም ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ሲደግም ያድግ ነበር። ለልጅ ጨዋታና ለልጅ አሳብ የሚሆነው ግን በብራና ላይ አልተጻፈም፤ በምድጃ ዙሪያ ከአያት አፍ የሚሰማ ተረት ነበር። በ1936 ዓ.ም. የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር መቋቋም ለአገሪቱ ታላቅ እርምጃ ሆነ፤ እንደ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያሉ መጻሕፍትም የተማሪውን ልብ ማረኩ። ይሁን እንጂ ለገና ሕፃን፣ በሥዕል ያጌጠ፣ ለደስታው የሚያነበው መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ሆኖ ቈየ።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጥቀስ። በ1950 ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሰበሰቧቸውን ተረቶች ለልጆች በእንግሊዝኛ ኒው ዮርክ ውስጥ አሳተሙ። የመጽሐፉ ስም የተወሰደው በተራራ ላይ ስላለው እሳት ከሚናገረው ተረት ነው። በዚህ ተረት አንድ አሽከር ከጌታው ጋር ተወራርዶ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልብስ በተራራ ጫፍ ላይ ያድራል፤ ብርዱን የቻለውም በሌላ ተራራ ላይ አንድ ወዳጁ ያነደደለትን እሳት ከሩቅ እያየ ነው። ጌታው ይህን ሲሰማ «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል» ብሎ ውርርዱን ይከለክለዋል፤ በኋላ ግን በግብዣ ላይ ተቀምጦ ሽታ ብቻ ሲቀርብለት፣ ማየት መሞቅ፣ ማሽተትም መብላት እንዳልሆነ ያምናል። እንግዲህ የአሜሪካ ልጅ ይህን የእኛን ተረት ከ1950 ጀምሮ በገዛ ቋንቋው አንብቦታል። ይህንኑ ተረት አማርኛ የሚናገር ልጅ ከመደርደሪያ አውርዶ በገዛ ቋንቋው እንዲያነበው ግን የሚተጋለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

ከእንዲህ ያሉ ሰዎች አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። አቶ ዮሐንስ በስደት አሜሪካን አገር ገብተው የቤተ መጻሕፍትን ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። ያ ቤተ መጻሕፍት በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ነበሩት፤ እሳቸው ግን በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። እዚህ ላይ የወይዘሮ ቤከር ታሪክ ይታወሰናል፤ አቶ ዮሐንስም ልክ እንደ እሳቸው የጎደለውን አይተው ማዘን አልበቃቸውም። በ1998 ለኢትዮጵያ ልጆች መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋሙ፤ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው በ2002 አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመለሱ። በ2003፣ ማለትም በ1995 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ ጋሪ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ባሜሪካ በእጅ ጋሪ የተጀመረው ነገር በአገራችን በአህያ ጋሪ መቀጠሉን ስናይ፣ ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር ሕንፃ አለመሆኑን እንረዳለን።

አቶ ዮሐንስ ሲመለሱ ከአሜሪካ የተለገሱ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የልጆች መጻሕፍት ይዘው ነበር። ስጦታው ምስጋና የሚገባው ነው፤ ልጆቻችን ሌላውን ዓለም የሚያዩበት መስኮት ነውና። ነገር ግን አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈና ስለ በረዶ የሚናገር መጽሐፍ ገና ፊደል ለሚቈጥር የገጠር ሕፃን ከሩቅ ተራራ የሚታይ እሳት ነው፤ ያየዋል፤ አይሞቀውም። መደርደሪያው በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ብቻ ከተሞላ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ሙሉ ሆኖ ሳለ ባዶ ይሆናል። ስጦታውን ሳያነቡና ሳይመርጡ እንዳለ መደርደር የሰጪውን ቸርነት ማክበር አይደለም፤ ለልጁ የሚገባውን ስፍራ ለሌላ መስጠት ነው።

በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ የሕንፃው ግርማ ብዙዎችን ያስደሰተ ሆነ። የሚያኮራም ነገር ነው። በየክልሉና በየወረዳው የሚከፈቱት አነስተኛ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ የሚያኮሩ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ዕድል ግን የሚወሰነው ከምረቃው ቀን በኋላ በሚመጡት ዓመታት ነው።

ስለዚህ ታሪኩ ከሚያስተምረን ለየአንባቢው የሚደርሰውን ለይተን እንናገራለን። በጀት የሚያጸድቁ ሹማምንት ከሕንፃው ገንዘብ ጋር የየዓመቱን መግዣ፣ መጠገኛና መተኪያ እንዲቈርጡ፤ የሥራ ሪፖርት ሲቀበሉም «ስንት መጻሕፍት አሏችሁ?» ከማለት አስቀድመው «ስንት መጻሕፍት ልጆች ተዋሱ?» ብለው እንዲጠይቁ ይገባል። መምህራን ልጆቹን ከማንም ይልቅ ያውቃሉና የምርጫው ተካፋዮች ሊሆኑ ይገባል። ተማሪዎች ደግሞ ነገ ደራስያን፣ ሠዓልያን፣ ተርጓሚዎች የሚሆኑት እነርሱ ናቸው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሌላውም ያገራችን ቋንቋ ሁሉ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ሳይጠፋ እንዲጽፉ ይጠበቅባቸዋል። መራጭ ያልተጻፈውን ሊመርጥ አይችልምና።

ከ1835 ጀምሮ የተከተልነው ታሪክ የሚመሰክረው፣ የልጆች ስብስብ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚፈጸም ሐውልት አለመሆኑን ነው። እንደ ጓሮ አትክልት በየዓመቱ ይተከላል፤ ይኮተኮታል፤ ይታረማል። መልካም አያያዙ የሚታወቀውም በመደርደሪያው ላይ በቀረው ሳይሆን ከመደርደሪያው በወጣው ነው። አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ በመደርደሪያው ላይ የተወው ክፍተት ጉድለት መስሎ ሊታየን አይገባም። ቤተ መጻሕፍቱ የተሠራው ለዚያ ክፍተት ነው።